የሌፍሳ ምጣድና የልውውጥ ተማሪ፦ ኖርዌይና የአሜሪካ ልጆቿ 200 ዓመት ሳይጠፋፉ የኖሩት እንዴት ነው?

ሚኒሶታ ውስጥ የሐበሻ ወጥ ቤት ብትገቡ አንድ ክብ የኤሌክትሪክ ምጣድ ማየታችሁ አይቀርም። ብዙዎቻችን "ቤታኒ" እያልን እንጠራዋለን። ስፋቱ 16 ኢንች፣ ማለትም 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ የሚሠራው ክሬስኮ በምትባል ትንሽ የአይዋ ከተማ ነው። ሲሠራ ግን የታሰበው ለእንጀራ አልነበረም። ሌፍሳ ለሚባል የኖርዌይ ቂጣ ነው።

ይህን የነገሩኝ ጎረቤቴ ናቸው፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት። አንድ ቀን ቡና ጠርቻቸው መጡና ምጣዴን ሲያዩ "አንቺም ሌፍሳ ትጋግሪያለሽ?" አሉኝ። የፈረንጆች ገና ሊደርስ ሲል ደግሞ ቤተ ክርስቲያናቸው ምድር ቤት ወስደው አሳዩኝ። ድንቹ ተቀቅሎ፣ ተፈጭቶ፣ ቅቤና ክሬም ገብቶበት አድሯል። ዱቄት እየጨመሩ ያሹትና የእንቁላል ያህል እየቆረጡ ጨርቅ በለበሰ ክብ ጣውላ ላይ ይዳምጡታል። መዳመጫው ሸንተረር አለው። ሊጡ ከሥሩ ያለውን ጨርቅ እስኪያሳይ ሲሳሳ፣ ረጅም ጠፍጣፋ እንጨት ከታች አስገብተው ያነሡትና ምጣዱ ላይ ይዘረጉታል። እኛ ዓይኑን እንጠብቃለን፤ እነሱ ቡናማ ነጥቡን ይጠብቃሉ። የበሰለው ፎጣ ውስጥ እየተደራረበ ይቆያል፤ ሲበላ ቅቤና ስኳር ተደርጎበት ይጠቀለላል። ክፍሉ ውስጥ ከነበሩት ሰዎች ኖርዌይኛ አቀላጥፎ የሚናገር አንድም አልነበረም። ግማሾቹ ኖርዌይን በዓይናቸው አይተዋት አያውቁም። ቂጣውን ግን እጃቸው ያውቀዋል።

በ2025 ዓ.ም. ኖርዌይና አሜሪካ የዚህን ዝምድና 200ኛ ዓመት አክብረዋል። በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ቋንቋው ከጠፋ፣ ቅድመ አያቶቹም ካለፉ በኋላ ሰዎች ከአንድ ሩቅ አገር ጋር እንዴት ተሳስረው ይቆያሉ? ነገሩ ልጆቹን ባሕር ማዶ ለሚያሳድግ ሁሉ ቅርብ ነውና ከሥሩ እንየው።

200 ዓመቱ የሚቆጠረው ከምን ጀምሮ ነው?

በጁላይ 1825 መጀመሪያ ላይ ሬስታውራሾን የምትባል፣ ርዝመቷ 16 ሜትር ገደማ የሆነች የሸራ መርከብ 52 ሰዎች ጭና ከስታቫንገር ወደብ ተነሣች። ከተሳፋሪዎቹ ብዙዎቹ ኩዌከር የሚባለው የእምነት ወገን ተከታዮች ወይም ለእነሱ ቅርብ የሆኑ ነበሩ። በዚያን ጊዜ በኖርዌይ ከመንግሥቱ የሉተራን ቤተ ክርስቲያን ውጭ ማምለክ ችግር ያመጣ ነበር። ክሌንግ ፔርሶን የተባለ ሰው ቀድሞ አሜሪካ ሄዶ መሬቱን አጥንቶላቸዋል።

ከሦስት ወር በላይ ባሕር ላይ ቆይተው ኦክቶበር 9 ኒውዮርክ ሲደርሱ 53 ሆነው ነበር፤ በመንገድ ላይ ሕፃን ተወልዳለች። አቀባበሉ ግን ደስ የሚል አልነበረም። በ1819 የወጣ የአሜሪካ ሕግ ለእያንዳንዱ አምስት ቶን የመርከብ ልክ ከሁለት ሰው በላይ መጫንን ይከለክላል። ትንሿ ሬስታውራሾን ከልኩ በብዙ አልፋ ስለጫነች ተያዘች፤ ካፒቴኑም ታሰረ። ጉዳዩ እስከ ፕሬዚዳንት ጆን ኩዊንሲ አዳምስ ደርሶ በኖቬምበር ምሕረት አደረጉላቸው። ሰዎቹም በኦንታርዮ ሐይቅ ዳር፣ ኬንዳል በሚባል ሥፍራ ጫካ መንጥረው ሰፈሩ።

አሜሪካ ውስጥ ኦክቶበር 9 ከሺህ ዓመት በፊት ሰሜን አሜሪካን የረገጠው የባሕር ተጓዥ የሌይፍ ኤሪክሰን ቀን ተብሎ ይታሰባል። ብዙ ሰው እሱ የደረሰበት ቀን ይመስለዋል። እሱ በየትኛው ቀን እንደደረሰ የሚያውቅ የለም፤ ቀኑ የተመረጠው ሬስታውራሾን ኒውዮርክ የገባችበት ስለሆነ ነው። በ2025 የዚያች መርከብ አምሳያ ጁላይ 4 ቀን ከስታቫንገር ተነሥታ አትላንቲክን በሸራ ካቋረጠች በኋላ በዚያው ኦክቶበር 9 ኒውዮርክ ገብታለች።

ይህን ያህል ሰው አገሩን የለቀቀው ለምንድን ነው?

ከ1825 እስከ 1925 ባሉት መቶ ዓመታት 800,000 የሚያህል ሰው ከኖርዌይ ወደ ሰሜን አሜሪካ ሄዷል። ከሕዝቧ ብዛት አንጻር ሲሰላ በአውሮፓ ኖርዌይን የምትበልጣት አየርላንድ ብቻ ናት። ዋናው ምክንያት መሬት ነው። ኖርዌይ ተራራና ድንጋይ የበዛባት አገር ናት፤ የሚታረሰው ከጠቅላላው 3 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ርስቱን የሚወርሰው እንደ ልማዱ የበኩር ልጅ ነበር፤ የቀሩት ወይ የሰው ጭሰኛ ይሆናሉ ወይ ይሰደዳሉ። በዚህ መሐል አሜሪካ በ1862 ሕግ አወጣች፤ በአንድ መሬት ላይ አምስት ዓመት ተቀምጦ ያረሰ 160 ኤከር፣ ማለትም 65 ሄክታር ገደማ ይሰጠዋል። ይህ ወሬ ኖርዌይ የደረሰው በጋዜጣ ብቻ አልነበረም። "የአሜሪካ ደብዳቤ" የሚባል ነገር ነበር፤ ከሄደው ዘመድ የሚመጣው ደብዳቤ በእጅ እየተገለበጠ ከመንደር መንደር ይነበባል። ከደብዳቤው ጋር አንዳንዴ የተከፈለበት የመርከብ ቲኬት አብሮ ይመጣል። የላኪና የተላከለት ነገር ለእኛ ማብራሪያ አያሻውም።

በ2000 በተደረገው የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራ 4.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ዘራችን ከኖርዌይ ነው ብለው ተመዝግበዋል። የኖርዌይ የራሷ ሕዝብ ዛሬ 5.6 ሚሊዮን ገደማ ነው።

መጀመሪያ ያሰባሰባቸው ምን ነበር?

መልሱ እድር ነው፤ ስሙ ሌላ ይሁን እንጂ። በ1895 ሚኒያፖሊስ ውስጥ 18 ኖርዌያውያን ስደተኞች ተሰብስበው "የኖርዌይ ልጆች" የሚባል ማህበር አቋቋሙ። ዘመኑ ክፉ ነበር፤ በ1893 የተነሣው የኢኮኖሚ ቀውስ ሥራ አሳጥቷል። አባሉ በየወሩ ትንሽ ያዋጣል፤ ሲታመም ይረዳል፤ ሲሞት ቤተሰቡ ሜዳ ላይ አይወድቅም። ይህ ማህበር ዛሬም በሥራ ላይ ነው። የመድን ሥራውን ይዞ የቋንቋ ትምህርት፣ የእጅ ጥበብና የተማሪዎች ድጋፍ ጨምሮበታል።

ሁለተኛው "ላግ" ይባላል፤ የአንድ ሸለቆ ወይም የአንድ ወረዳ ተወላጆች ማህበር ነው። የመጀመሪያውን በ1899 ያቋቋሙት የቫልድሬስ ሸለቆ ልጆች ናቸው። እኛ የወሎ ልጆች፣ የጎጃም ልጆች እያልን እንደምንሰባሰበው ማለት ነው። እነሱም "ኖርዌያዊ ነኝ" ከማለታቸው በፊት የየሸለቋቸውን ስም ይጠሩ ነበር፤ የአነጋገሩ ዘዬ፣ የልብሱ ጥልፍ፣ የቫዮሊኑ ቅኝት ከሸለቆ ሸለቆ ይለያያል።

ሦስተኛው ቤተ ክርስቲያንና ትምህርት ቤት ነው። ሉተር ኮሌጅ በ1861፣ አውግስበርግ በ1869፣ ሴንት ኦላፍ በ1874 የተመሠረቱት ከኖርዌይ በመጡ ሉተራኖች ነው። የአውግስበርግ ዩኒቨርሲቲ ያለበት የሚኒያፖሊሱ ሴዳር ሪቨርሳይድ ሠፈር በ1800ዎቹ መጨረሻ የስካንዲኔቪያ ስደተኞች መግቢያ በር ነበር። ዛሬ በዚያው መንገድ የምትሰሙት ሶማሊኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ ነው። ሠፈሩ ስደተኛ ተቀባይነቱን አልተወም።

ቋንቋውስ ምን ሆነ?

ከሁሉም ቀድሞ የሄደው ቋንቋው ነው። አንደኛው ዓለም ጦርነት ትልቅ ድርሻ አለው። በ1918 የአይዋ አገረ ገዥ ዊልያም ሃርዲንግ በትምህርት ቤት፣ በአደባባይ፣ በባቡር፣ በስልክ፣ በስብከትም ጭምር ከእንግሊዝኛ በስተቀር ሌላ ቋንቋ እንዳይነገር አዋጅ አወጡ። ዒላማው በተለይ ጀርመንኛ ቢሆንም ኖርዌይኛም አብሮ ተመታ። አዋጁ በዚያው ዓመት መጨረሻ ቢሻርም ፍርሃቱ ቀረ፤ ወላጆች ልጆቻቸውን በእንግሊዝኛ ማሳደግ መረጡ። በአይዋዋ ዴኮራ ከተማ በኖርዌይኛ ይታተም የነበረው ዴኮራ ፖስተን ጋዜጣ በ1874 ተነሥቶ በ1972 ተዘጋ።

እዚህም እዚያም የተረፈ አለ። በ1922 ሚኒያፖሊስ ውስጥ የተመሠረተችው ሚንደሺርከን ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ በኖርዌይኛ ታስቀድሳለች። የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የቋንቋ ተመራማሪዎች ደግሞ ወደ ዊስኮንሲንና ሚኒሶታ ገጠር ሄደው የአረጋውያንን ንግግር ቀድተዋል። ምክንያቱም እዚያ የሚሰማው ዘዬ ከመቶ ዓመት በፊት በየሸለቆው ከነበረው ብዙ ነገር ይዟል፤ ኖርዌይ ውስጥ ግን ቋንቋው መንገዱን ቀጥሎ ተለውጧል።

ፌስቲቫሉ ላይ ምን ይደረጋል?

የሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ የሚያዘጋጀውን ዝግጅት የሚያውቅ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ኳሱ አለ፤ ሰው የሚሄደው ግን ዘመድ ሊያገኝ ነው።

የኖርዌይ ተወላጆች ትልቁ ቀን ሜይ 17 ነው። በ1814 በዚያ ቀን ኤይድስቮል በሚባል ሥፍራ የኖርዌይ ሕገ መንግሥት ጸደቀ። በኖርዌይ ቀኑ የሕፃናት ነው ማለት ይቻላል፤ የትምህርት ቤት ልጆች ባንዲራ ይዘው ይሰለፋሉ፤ ኦስሎ ውስጥ በቤተ መንግሥቱ ፊት ያልፋሉ፤ የወታደር ሰልፍ ዋናው ነገር አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ቀኑ የሥራ ቀን ስለሆነ ብዙ ከተሞች ወደ ቅዳሜና እሑድ ይገፉታል። ስቶውተን የምትባለው የዊስኮንሲን ከተማ በዚህ ትታወቃለች። በሲያትልና በብሩክሊንም ሰልፍ አለ።

ዴኮራ በ1967 ኖርዲክ ፌስትን ጀመረች፤ በጁላይ መጨረሻ ይከበራል። ከተማዋ 7,500 ያህል ሰው ብቻ ነው ያላት። ቬስተርሃይም የሚባለው የኖርዌይ ስደተኞች ሙዚየምም እዚያው ነው፤ መነሻው በ1877 ሉተር ኮሌጅ ያሰባሰበው ቅርስ ነው። ስሙ "የምዕራቡ ቤት" ማለት ነው፤ ስደተኞቹ አሜሪካን የሚጠሩበት ስም ነበር። በኖርዝ ዳኮታዋ ማይኖት ደግሞ በ1978 የተጀመረ የመከር ፌስቲቫል አለ።

ፌስቲቫል ላይ የምታዩት ይህን ይመስላል፦ ሴቱም ወንዱም ቡናድ ለብሷል። ቡናድ እንደየአውራጃው ጥልፉ የሚለያይ፣ ደረቱ ላይ የብር ጌጥ የሚደረግበት የክብር ልብስ ነው፤ የሐበሻ ቀሚስን ቦታ ይይዛል። ሉተፊስክ ይበላል፦ ደርቆ የቆየ የባሕር ዓሣ በአመድ ውሃ ተዘፍዝፎ፣ ለቀናት ታጥቦ፣ ተቀቅሎ እንደ ጄሊ ሲሆን ነው። የእንጨት ዕቃ በሐረግ ሥዕል ሲዋብ ታያላችሁ፤ ሮዝማሊንግ ይባላል። ስቶውተን ውስጥ ደግሞ ከ1953 ጀምሮ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚደንሱበት የኖርዌይ ጭፈራ ቡድን አለ። ቡድኑ ውስጥ ለመግባት የኖርዌይ ደም አይጠየቅም፤ ልጁ ተለማምዶ መደነስ ከቻለ በቂ ነው። ለእኔ ከሁሉ ያስደነቀኝ ይህ ነው፤ ባህሉ ከዘር ወጥቶ የከተማው ሆኗል።

ሥራውን የሚሠሩት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ሌፍሳውን የሚጋግሩት፣ ወንበር የሚደረድሩት፣ መኪና የሚያቆሙት የከተማዋ ሰዎች ናቸው። አንድ ሰው ያለ ክፍያ ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ ለማየት የሮበርት አስፕን ነገር ማንሣት ይበቃል። በሚኒሶታዋ ሙርሄድ ከተማ በትምህርት ቤት ውስጥ የተማሪዎች አማካሪ ነበሩ። በ1970ዎቹ ሆሊ በምትባል መንደር፣ የድንች መጋዘን ውስጥ፣ 23 ሜትር ርዝመት ያላትን፣ የጥንት የኖርዌይ ባሕረኞች የቫይኪንጎች ዓይነት መርከብ በእጃቸው መሥራት ጀመሩ። መሐል ላይ የደም ካንሰር ያዛቸው፤ ሥራውን ግን አላቆሙም። በ1980 አረፉ። ልጆቻቸውና ጓደኞቻቸው በ1982 ከዱሉዝ ወደብ ተነሥተው ሐይቆቹን፣ ከዚያ አትላንቲክን አቋርጠው ኖርዌይ፣ በርገን ገቡ። የመርከቧ ስም ሄምኮምስት ነው፤ "ወደ ቤት መመለስ" ማለት ነው። ዛሬ ሙርሄድ በሚገኝ ሙዚየም ውስጥ ቆማለች።

ፌስቲቫል ካለ የተማሪ ልውውጥ ምን ያስፈልጋል?

ፌስቲቫል እንደ ፎቶ ነው። የተሰደደ ሰው አገሩን በወጣበት ቀን እንደነበረች ይዞ ይሄዳል፤ ልጅ ልጆቹም ያንኑ ፎቶ ይወርሳሉ። የሚኒሶታው ፎቶ ውስጥ ያለችው ኖርዌይ ሉተፊስክ የምትበላ፣ ቫዮሊን የምትጫወት የገጠር ኖርዌይ ናት። የዛሬዋ ኖርዌይ ነዳጅ አውጪ፣ ከተሜ፣ ዓርብ ማታ ቤተሰቡ ታኮ የሚበላባት አገር ናት።

ጎረቤቴ አንድ ዓመት ከኖርዌይ የመጣች የልውውጥ ተማሪ አስተናግደው ነበር። ሌፍሳ ሲያቀርቡላት ወደደችው፤ አሠራሩን ግን አታውቅም። ቤቷ የሚበላው ከሱቅ የተገዛ ነው። መዳመጫውን የያዘችው፣ ሊጡን ሳትቀድ ማንሣት የተማረችው እዚያው ምድር ቤት፣ ኖርዌይኛ ከማይናገሩ አሜሪካውያን ሴቶች ነው። እሷ በበኩሏ ለሴትየዋ አንድ ነገር አስተካከለችላቸው፤ በልጅነታቸው ከአያታቸው የተማሯት የማታ ጸሎት ውስጥ ለረጅም ጊዜ ትርጉሙን ያላወቁት አንድ ቃል ነበር። ልጅቷ ደጋግማ አስብላቸው የሸለቆ ዘዬ መሆኑ ገባትና ፈታችላቸው። ሴትየዋ ይህን ሲነግሩኝ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር።

ልውውጡ እንዴት ይሠራል? ወጪውንስ ማን ይችላል?

"ልውውጥ" የሚለው ስም ብዙ የተለያየ ነገር ይሸፍናል፤ ሰው የሚደናገረውም እዚህ ላይ ነው።

የመጀመሪያው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ዓመት ነው። ከ15 እስከ 18 ዓመት ተኩል ያለ ልጅ ጄ 1 በሚባለው ቪዛ አሜሪካ መጥቶ አንድ የትምህርት ዓመት ቤተሰብ ውስጥ እየኖረ ይማራል። አስተናጋጁ ቤተሰብ በዚህ ቪዛ ክፍያ አይቀበልም፤ አልጋና ምግብ የሚሰጠው በፈቃዱ ነው። መሐል ላይ ሆኖ ቤተሰቡን የሚመርጠውና ልጁን የሚከታተለው በአሜሪካ የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት የተፈቀደለት ድርጅት ነው።

ሁለተኛው በዩኒቨርሲቲዎች መካከል የሚደረግ የሴሚስተር ልውውጥ ነው። ሁለት ትምህርት ቤቶች ይዋዋላሉ፤ የእኔን ተማሪ ተቀበል፣ ያንተን እቀበላለሁ ይባባላሉ። ተማሪው የሚከፍለው ለራሱ ትምህርት ቤት ነው፤ የተማረውም ትምህርት ተመልሶ ይያዝለታል።

ሦስተኛው ፉልብራይት የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የልውውጥ ፕሮግራም ነው። አነሣሡ ብልሃት አለበት። ሁለተኛው ዓለም ጦርነት ሲያልቅ አሜሪካ በውጭ አገር የቀረ ብዙ የጦር ንብረት ነበራት። ገዢዎቹ አገሮች ዶላር ስላልነበራቸው በራሳቸው ገንዘብ ከፈሉ። ያ ገንዘብ ተመንዝሮ ወደ አሜሪካ አይገባም። በ1946 የወጣው ሕግ እዚያው ለተማሪና ለመምህር ልውውጥ ይዋል አለ። ኖርዌይ ስምምነቱን የፈረመችው በ1949 ነው። ዛሬም በዚህ ፕሮግራም የሚሄዱ አሜሪካውያን መምህራን አሉ፤ አንድ ትምህርት ቤት ውስጥ አይቀመጡም፤ ኖርዌይን ከጫፍ ጫፍ እየዞሩ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ስለ አሜሪካ ያስተምራሉ።

1940ዎቹ ለዚህ ታሪክ ቁልፍ ናቸው። ኖርዌይ ከ1940 እስከ 1945 በናዚ ጀርመን ተይዛ ነበር፤ በ1943 ጀርመኖች የኦስሎን ዩኒቨርሲቲ ዘግተው ተማሪዎችን አሰሩ። ዩኒቨርሲቲው ከተከፈተ በኋላ በ1947 ለአሜሪካውያን ተማሪዎች የክረምት ትምህርት ቤት አቋቋመ፤ ቆይቶ ከብዙ አገር የሚመጡ ተማሪዎችን ተቀበለ። በዚያው በ1947 የኖርዌይ መንግሥት የትምህርት ብድር ፈንድ አቆመ። ፈንዱ ውጭ አገር ለሚማር ኖርዌያዊም ያበድራል፤ ተማሪው ፈተናውን አልፎ ዲግሪውን ከያዘ ከብድሩ እስከ 40 በመቶ የሚሆነው ወደ ስጦታ ይለወጣል። የሀብታም ልጅ ያልሆነ ኖርዌያዊ ሚኒሶታ መጥቶ መማር የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

ገና ላልደረሱ ልጆች ደግሞ ስኩግፊዮርደን አለ፤ በ1963 የተጀመረ፣ ሰሜን ሚኒሶታ ቤሚጂ አጠገብ ያለ የኖርዌይኛ የክረምት መንደር ነው። የሚያስተዳድረው ሙርሄድ ያለው ኮንኮርዲያ ኮሌጅ ነው። ልጁ በር ላይ ፓስፖርት ይመታለታል፤ ዶላሩን በክሮነር ይመነዝራል፤ የኖርዌይ ስም ያወጣል። ከዚያ በኋላ ውሃ የሚጠይቀውም፣ ዳቦ የሚገዛውም በኖርዌይኛ ነው።

አሁን ምን ተለወጠ?

እስከ 2023 ድረስ በኖርዌይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከየትም አገር የመጣ ሰው የትምህርት ክፍያ አይከፍልም ነበር። ከ2023 የትምህርት ዘመን ጀምሮ ከአውሮፓ የኢኮኖሚ ቀጣና ውጭ የሚመጣ ተማሪ እንዲከፍል ሕግ ወጣ። አሜሪካዊውም ኢትዮጵያዊውም በዚህ እኩል ናቸው። ቅድመ አያቱ በሬስታውራሾን ተሳፍረው የመጡ ሰው እንኳ ዲግሪውን ኦስሎ ልጨርስ ካለ ይከፍላል፤ የኖርዌይ ዜግነት ሕግ የሚያየው ወላጅን እንጂ ከአራት ትውልድ በፊት የነበረን አያት አይደለም። በትምህርት ቤቱ ስምምነት ለአንድ ወይም ለሁለት ሴሚስተር የሚሄድ የልውውጥ ተማሪ ግን ክፍያው አይነካውም።

የጎረቤቴ የልጅ ልጅ አሁን የሁለተኛ ዓመት የኮሌጅ ተማሪ ናት። በሚመጣው ጃንዋሪ ለአንድ ሴሚስተር በርገን ትሄዳለች። ሴትየዋ ሸንተረር ያለውን መዳመጫ ዳምጪበት ብለው ሊሰጧት ፈልገው ነበር፤ ልጅቷ ሻንጣዋ ውስጥ ቦታ የለም ብላ ፎቶውን ብቻ አነሣች።